ጋሼ የተባለው ዝሆን

ሰው በምን በምን እንደሚቀና ታውቃላችሁ። አንዱ በጎረቤቱ ሳሎን ይቀናል፣ ሌላው በጓደኛው ሹመት። ላፍቶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር እንደ እኔ ያለ ሰው ደግሞ ምድር ቤት በሚኖረው ይቀናል፤ ውሃ ስትጠፋ ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ አይወጣማ። ይሄ ሁሉ ወግ ያለው ቅናት ነው። የሰማ ሰው ሁሉ «አይ የሰው ልጅ» ብሎ ያልፈዋል። የእኔን ግን ለንስሐ አባቴ እንኳን ለመናገር አፍሬ ነው የከረምኩት። እኔ የቀናሁት በዝሆን ነው።

በዝሆን ስል ዝሆን ባለው ሰው ማለቴ አይደለም። በራሱ በዝሆኑ ነው። ኩምቢ ባለው፣ ጆሮው የቆርቆሮ በር በሚያክለው፣ ሲራመድ መሬቱ በሚሰማው ዝሆን። ያስቀናኝም ሃያ ስምንት ዓመት አብራኝ የኖረች ሚስቴ ናት። ከመሳቃችሁ በፊት ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፤ ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ያህል ሳቁ።

ሥራዬ መኪና መንዳት ማስተማር ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጬ ስለ ፍሪሲዮንና ስለ ፍሬን ሳወራ ነው የኖርኩት። ይህ ሥራ ሰውን ያበላሻል። ቤት ስገባም አፌ ከሥራ መውጣቱን አያውቅም። የሺ ወጥ ስታማስል «ቀስ፣ ቀስ» እላታለሁ። በር ስትከፍት «ከኋላሽ አይተሻል?» እላታለሁ። የሺ ሚስቴ ናት። ቤት ውስጥ በስፌት መኪናዋ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ብዙም አትናገርም። እስካለፈው ዓመት ድረስ የሁለታችንንም ወሬ የምታወራልን ልጃችን ሳራ ነበረች። ሳራ ሐዋሳ ሥራ አግኝታ ሄደች። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ የሚሰማው የስፌት መኪናው ድምፅና የእኔ «ቀስ» ብቻ ሆነ።

የየሺ ታናሽ ወንድም ጌታነህ የሽርሽር መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ነው። አንድ ቀን ደወለና ለሠራተኛ ቤተሰብ የሚሰጥ ዕድል ደርሶኛል፣ አንቺንና ባልሽን ለሰባት ቀን መርከብ ላይ ላንሸራሽራችሁ አለ። የሺ ስልኩን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች። እኔ ግን ፈራሁ። ዋና አልችልም። ገላዬን ስታጠብ እንኳን ሻወሩን በግማሽ የምከፍት ሰው ነኝ።

ግን ሌላም ነገር አሰብኩ። ሰባት ቀን ሙሉ ስፌት የለ፣ ተማሪ የለ፣ ዕድር የለ፣ እኔና የሺ ብቻ። በወጣትነታችን ጎፋ ተከራይተን ስንኖር እስኪመሽ የምናወራው ወሬ ነበረን። የት እንደጣልነው አላውቅም። ምናልባት ባሕር ላይ እናገኘው ይሆናል ብዬ እሺ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያወራሁትን ያህል በዕድሜዬ አውርቼ አላውቅም። ለፀጉር አስተካካዬ ነገርኩ። ሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ተራ ላይ ከፊቴ ለተሰለፈውም፣ ከኋላዬ ለተሰለፈውም ነገርኩ። ተማሪዎቼ ሞተር አስነስተው ማርሽ እስኪያስገቡ ድረስ እንኳን አልታገስም ነበር። ሁሉም ሲቀኑብኝ ፊታቸው ላይ አያለሁ፤ ደስ ይላል። መቅናት ምን እንደሚመስል እንጂ መቀናት ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበርና አበዛሁት። የሚያበዛን ሰው እግዜር ያየዋል።

የቪዛውን ነገር አላወራም፤ እሱ ራሱን የቻለ መከራ ነው። በአውሮፕላን ሲንጋፖር ገባን፤ ከዚያ መርከቡ። የኛን ግቢ ብሎኮች በሙሉ ነቅላችሁ ውሃ ላይ ብትደረድሯቸው መርከቡን ያክላሉ። ልዩነቱ እዚያ ሊፍቱ ይሠራል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ጥሩ ነበሩ። የሺ በርጩማ በሚያህል የፀሐይ መነጽር ፊቷን ሸፍና ባሕሩን ትመለከታለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ወሬ እጀምራለሁ። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ የጀመርኩት ወሬ ሁሉ ዞሮ ዞሮ መንዳት ላይ ይወድቃል።

«ካፒቴኑ ትናንት ሲያቆም አይተሽዋል?» አልኳት።

«ምን ሆነ?»

«አጠጋጋው። ርቀት መጠበቅ ነበረበት።»

«እሺ» አለችና ወደ ባሕሯ ተመለሰች።

በሦስተኛው ቀን መርከቡ አንድ የታይላንድ ደሴት ላይ ቆመ። ጌታነህ አስቀድሞ የዝሆን መጠለያ ጉብኝት አስመዝግቦን ነበር። ሥራ ላይ ስለሆነ እሱ አልመጣም። ደረታችን ላይ የአውቶቡስ ቁጥር ያለበት ወረቀት ለጠፉልን፤ የኛ አሥራ አራት ነበር። አስጎብኟችን ቢጫ ጃንጥላ ይዛ ከፊት የምትሄድ ቀጭን ልጅ ናት። እንግሊዝኛዋ ፈጣን ነው፣ የእኔ ደግሞ ዝግ ያለ፤ መሐል መንገድ ላይ አልፎ አልፎ እንገናኛለን።

የገባኝን ያህል፣ መጠለያው የሚያኖረው ያረጁና የተጎዱ ዝሆኖችን ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ግንድ ሲጎትቱና ሰው ሲጭኑ ኖረው አሁን ጡረታ የወጡ። ላያቸው ላይ አይወጣም፤ ማብላት፣ አብሯቸው መራመድ፣ ጭቃ መቀባት ግን ይቻላል። ሰማያዊ ሸሚዝና የጎማ ቦቲ ሰጡን። የእኔ ቦቲ ሁለት ቁጥር ይበልጠኝ ስለነበር ስራመድ መጀመሪያ እኔ እሄዳለሁ፣ ቦቲው በኋላ ይደርስብኛል።

እንግዲህ የሺን ማወቅ አለባችሁ። የሺ የብሎካችን ደረጃ ላይ ድመት ከተኛ እኔ ካልቀደምኩ የማትወርድ ሴት ናት። ዝሆኖቹ ከዛፎቹ መሐል ሲወጡ ክንዴን ልትይዝ ነው ብዬ አዘጋጀሁላት። እንዲያውም ትንሽ ከሰውነቴ አራቅኩት፣ እንዲመቻት። ክንዴ እንደተዘረጋ ቀረ። የሺ ቀጥ ብላ ወደ መጨረሻው ዝሆን ሄደች።

ግራ ዓይኑ የጠፋ፣ ግንባሩ የተሸበሸበ፣ ጆሮው ጫፍ ጫፉ እንደ አሮጌ መጋረጃ የተቀደደ ዝሆን ነው። ከሌሎቹ ተለይቶ ብቻውን ቆሟል። አስጎብኟ ስሙን ነገረችን፤ የሺ ሦስት ጊዜ ሞክራ አቃታት። ከዚያ ትንሽ አሰበችና አንገቷን ሰበር አድርጋ፣

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?» አለችው።

ጆሮዬን አላመንኩም። እኔን ከተጋባንበት ጀምሮ «አንተ» ነው የምትለኝ፤ ስትቆጣ ደግሞ «አንተ ሰውዬ»። ታላላቅ ወንድሞቿ ፊት እንኳን ጋሼ ተብዬ አላውቅም። ለዝሆን «እርስዎ»። እሱም አንገቱን ነቅነቅ አደረገላት፤ የለመደው ነገር ይመስል።

ቅርጫት ሙሉ ሙዝና ዱባ ተሰጠን። የሺ ሙዙን ልጣ ልትሰጠው ስትል አስጎብኟ ከነልጣጩ ይበላል አለቻት። «ልጣጩን ለጋሼ?» ብላ አዘነችና ግን ታዘዘች። «ይጉረሱ» አለችው። ጎረሰ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ ሁለተኛ ደገመችው። ከዚያ ሦስተኛ። እኔ የመጨረሻ ጉርሻዬን የበላሁት የሳራ ምርቃት ላይ ይመስለኛል፤ እሱም ካሜራ ስለነበረ ነው።

አስጎብኟ በየመሐሉ «ሺ፣ ሺ» እያለች ታሪኩን ማውራት ጀመረች። ተራራ ላይ ግንድ ሲጎትት ነበር የኖረው፤ ዝናብ ቢሆን፣ ፀሐይ ቢሆን። ዓይኑ የጠፋውም እዚያው ሥራ ላይ ነው። የሺ ቃሉ ባይገባትም ታሪኩ ገብቷታል። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ምስኪን፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲለፋ» አለች።

«እኔም ሃያ ስድስት ዓመት ለፍቻለሁ» አልኳት።

«አንተማ ተቀምጠህ ነው።»

ይህን ስትል ጋሼ በደህናው ዓይኑ አየኝ። ዝሆን አይንቅም የሚል ካለ ያን አተያይ ባለማየቱ ነው።

እሺ፣ ከእኔ ጋር እንዲወዳጅ ማድረግ ነው የሚሻለው አልኩ። ከቅርጫቱ የተሻለውን ሙዝ መርጬ ዘረጋሁለት። ኩምቢውን ሰዶ ተቀበለኝ፣ አሸተተው፣ ከዚያም ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው። አልወረወረውም፤ ቢወረውረው ይሻለኝ ነበር። የማይፈልገውን ዕቃ ለነጋዴ እንደሚመልስ ጨዋ ሰው ነው ያስቀመጠው። የሺ አንስታ ስትሰጠው ያንኑ ሙዝ በላው።

«ከእጅህ ቤንዚን ሸቶት ይሆናል» አለችኝ።

ትንሽ ቆይቶ ኩምቢውን ወደ እኔ ላከው። ደስ አለኝ፤ ይቅርታ ሊጠይቀኝ መሰለኝ። ኮፍያዬን ከራሴ ላይ አንስቶ ጭቃው ውስጥ ጣላትና የፊት እግሩን በላይዋ ላይ አሳረፈ። ከመርካቶ ስንት ሱቅ ዞሬ የመረጥኳት ኮፍያ ናት። ሁሉም ቱሪስት ሳቀ። የሺም ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ብዙ ዘመን አልፏል፤ ጥርሷ ሁሉ ታየ፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። የሚያምረውን ሳቋን ዝሆን አሳቃት። እኔ የሳቁ ዕቃ ሆንኩ።

ከዚያ ወደ ጭቃው ወረድን። ጭቃው ከፀሐይና ከዝንብ ይጠብቃቸዋል አሉ። የሺ እጅጌዋን ሰብስባ ጎኑን ስትቀባው አላስችል አለኝና እኔም በሌላው ጎን ልቀባ ስሄድ ግራ ቦቲዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ እኔ ቀጠልኩ። በፊቴ ነው የወደቅኩት። ጭቃ አፌ ውስጥ፣ ጭቃ ጆሮዬ ውስጥ። ጭንቅላቴን ቀና አድርጌ «የሺ» አልኩ።

«ተነስ እንጂ» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «ጋሼን ታስደነግጠዋለህ።»

አንድ ጣሊያን ይሁን ስፔን የማላውቀው ሽማግሌ ነው እጄን ይዞ ያነሳኝ።

ታጥቤ ስመለስ የባሰ ነገር አየሁ። ሌሎቹ ጎብኚዎች ፍራፍሬ ሊበሉ ሄደዋል። የሺ ግን ከጋሼ ጋር ዛፍ ሥር ቆማ፣ ወደ ጆሮው ተጠግታ ታወራለች። በአማርኛ። እጇን እያወራጨች፣ አንዳንዴ ቆም ብላ እያሰበች፣ እንደገና እየቀጠለች። ዝሆኑ ማላመጡን ትቶ ቆሟል። የሃያ ደቂቃ ወሬ ይሆናል፤ ከእኔ ጋር የወር ወሬያችን ነው። ጠጋ ስል ዝም አለች። የሺ ብቻ ብትሆን ግድ አልነበረኝም፣ ዝሆኑም ወሬ እንደተቋረጠበት ሰው ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ።

«ምን እያልሽው ነው?»

«ምንም። ለራሳችን ነው።»

ለራሳችን። ይህቺ ቃል አቃጠለችኝ። ኩርፊያዬን ይዤ ወደ አውቶቡሶቹ ሄድኩ። ተናድዶ ቀድሞ መኪና ውስጥ ገብቶ መቀመጥ የቆየ የኩርፊያ ዘዴዬ ነው፤ ከሠርግም ከለቅሶም ላይ ሠርቶልኛል። ደረቴ ላይ የነበረው ቁጥር በጭቃና በውሃ ተበላሽቶ አንድ ቁጥር ብቻ ቀርታበታለች። ነጭ አውቶቡስ ቆሞ ነበር። ነጭ አውቶቡስ ነው የመጣንበት። ገባሁ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ፊቴን ወደ መስኮት አዙሬ አኮረፍኩ። ማኩረፍ ያደክማል፤ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስነቃ አውቶቡሱ እየሄደ ነው። ዙሪያዬን ሳይ አንድም የማውቀው ፊት የለም። ቢጫ ጃንጥላም የለም። በሙሉ ነጭ ፀጉር ያላቸው አሮጊቶች ናቸው፤ በቋንቋቸው ይዘፍናሉ። አጠገቤ ያለችው ከረሜላ ሰጠችኝ። ወደ ሹፌሩ ሮጬ ሄጄ «መርከብ፣ መርከብ» ብል፣ የሱ መንገደኞች መርከብ የሚባል ነገር እንደሌላቸው፣ ወደ ሆቴላቸው እየሄዱ እንደሆነ በእጁ አስረዳኝ። መርከባችን ደግሞ በአሥር ሰዓት ይነሳል ተብሏል። ሰዓቴን አየሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል።

ሹፌሩ ደግ ሰው ነው። መንገድ ዳር አቁሞ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ጠራልኝ። ባጃጅ ሳይ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ዘልዬ ገብቼ የመርከቡን ሥዕል ያለበትን ካርድ አሳየሁትና «ፍጠን» አልኩት፤ በአማርኛ ነው፣ ግን ገባው። ልጁ በጭነት መኪናዎች መሐል ሲሽሎከሎክ፣ በቀይ መብራት ሲያልፍ፣ በእግረኛ መንገድ ሲወጣ፣ ያለ ምንም ሐፍረት ጀርባውን እየመታሁ «ጨምር» እለው ነበር። ከተማሪዎቼ አንዱ ቢያየኝ ኖሮ መንጃ ፈቃዱን ይመልስ ነበር።

ወደብ ስደርስ መርከቡ ጥሩምባውን እየነፋ ነው። መወጣጫው አልተነሳም። ከሥሩ ጌታነህ የወጥ ቤት ልብሱን እንደለበሰ አንድ መኮንን ይለማመጣል። አጠገቡ የሺ ቆማለች። ጭቃው ሸሚዟ ላይ ደርቋል፤ ዓይኗ ቀልቷል። ልቤ ቀለጠ። እስካሁን ያኮረፍኩት ሁሉ ወጣልኝ። ለካ ስወድቅ ዝም ያለችኝ ሴት ስጠፋ ታለቅሳለች።

«አለቀስሽ እንዴ?» አልኳት፣ እጇን ይዤ።

«አዎ።»

«መጣሁ እኮ፣ በቃ።»

«አንተማ መምጣትህ መቼ ይቀራል» አለችኝ አፍንጫዋን እየጠረገች። «እሱን ግን ዳግመኛ አላየውም።»

ጌታነህ ወደ ባሕሩ ዞረ። ሳቁን ሊደብቅልኝ ይመስለኛል።

የቀሩት አራት ቀናት እንዴት እንዳለፉ አትጠይቁኝ። የመርከቡ ሰው ሁሉ ስለ ባሕር ያወራል፣ የሺ ስለ ጋሼ። ላፍቶ ስንመለስ ይለፍልኛል አልኩ። አላለፈልኝም። በተመለስን በሳምንቱ ሀይሌ ጋርመንት ካለ ፎቶ ቤት አንድ ትልቅ ዕቃ በጋዜጣ ጠቅልላ መጣች። ስትፈታው ጋሼ ነው፤ የበር ግማሽ አክሎ። ሳሎን ውስጥ እሱን የሚችል ግድግዳ አንድ ብቻ ነበር፤ የሠርግ ፎቷችን ያለበት። የሠርግ ፎቷችን ኮሪደር ገባ፣ ከቆጣሪው ሥር።

ጎረቤት ሁሉ ሊያየው መጣ። ወንዶቹ መርከቡን አይጠይቁኝም፤ ያን ሁሉ ያወራሁለት መርከብ ዋጋ አጣ። «ዝሆኑ ይሄ ነው?» ብለው ፎቶው ፊት ይቆማሉ። ሴቶቹ «የሺዬ፣ ሲያይሽ እንዴት ነው ባክሽ፣ እስኪ ዓይኑን እዩት» ይላሉ። መጠለያው ደግሞ በየጊዜው በኢንተርኔት ላይ ቪዲዮ ያወጣል። ጠዋት ስነቃ ከጎኔ ባለው ትራስ ላይ የስልክ ብርሃን አያለሁ። «ጋሼ ዛሬ ሐብሐብ በላ» ትለኛለች። እኔ ቁርስ መብላቴን የሚከታተል የለም።

መወዳደር ሞከርኩ። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ሙዝ ገዝቼ ገባሁ፤ ያው ሙዝ የፍቅር ምልክት ሆኗል ብዬ። ተቀበለችኝና አንዷን አየት አድርጋ «ጋሼ ቢኖር» ብላ ተነፈሰች። ሌላ ቀን አዲስ ኮፍያ አድርጌ ገባሁ፤ ትዝ ብሏት ሳቀች፤ በእኔ ሳይሆን በሱ። ሥራ ቦታም ነገር ተበላሸ። አንዷን ተማሪዬን «ዝሆኑን ተጠንቀቂ» አልኳት፤ ገልባጭ መኪናውን ለማለት ፈልጌ ነው። ልጅቷ መሪውን ለቃ ግራ ቀኝ አየች።

ሁለት ወር ያህል እንዲህ ከነደድኩ በኋላ ሳራ ለእረፍት ከሐዋሳ መጣች። ሳሎን ገብታ ፎቶውን አየች፣ ከእናቷ ስልክ ላይ መጠለያው የጻፈውን አነበበች፣ ከዚያም፣

«እማ፣ ይሄ እኮ ጋሼ አይደለም» አለች። «ሴት ናት። አሮጊት ናት ይላል።»

ለካ አስጎብኟ ያን ቀን ሙሉ «ሺ፣ ሺ» ስትል የነበረው የሺን ልትጠራ አልነበረም፤ በእንግሊዝኛ «እሷ» ማለቷ ነበር። የሺ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ትንሽ ፈገግ አለች።

«እኔስ አንጀቴ እንዲህ የተላወሰው ለካ…» አለችና ወደ ፎቶው ጠጋ ብላ «ይቅርታ እትዬ» አለቻት።

ያን ቀን ደስታዬን አትጠይቁኝ። ለፀጉር አስተካካዬ ሄጄ ሳያስፈልገኝ ተቆረጥኩ። ሁለት ወር ሙሉ በአንዲት አሮጊት ነው የቀናሁት ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። ሳራ ተመልሳ ሄደች። በሁለተኛው ቀን ግን ሳቁ ተቋረጠ። ቆይ፣ አልኩ። ወንድ ቢሆን ምን ይነግራታል፣ ዝም ብሎ ያላምጣል። ሁለት ሴቶች ዛፍ ሥር ቆመው ሃያ ደቂቃ በሹክሹክታ ሲያወሩ ግን ስለ ማን ነው የሚያወሩት? ስለ ሐብሐብ ነው? ስለ ባል ነው እንጂ።

ቅዳሜ ከሰዓት የሺ ኮሌታ እየሰፋች ሳለ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

«የሺ፣ ያን ቀን ለዝሆኗ ምን ነበር የነገርሻት?»

«ምን ያደርግልሃል?»

«ሁለት ወር አልተኛሁም። ቀንቼ ነው። ሳቂ ከፈለግሽ።»

አልሳቀችም። እግሯን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አነሳች።

«አንተ ትቀናለህ?» አለች። «እኔ ሃያ ስድስት ዓመት የቀናሁትስ?»

«በማን?»

«በተማሪዎችህ።»

የሺ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቀጠለች።

«አንድ ቀን ጎፋ፣ ክር ልገዛ በታክሲ ሳልፍ አየሁህ። አንዲት ልጅ መሐል መንገድ ላይ ሞተር አጥፍታ መኪና ሁሉ ይጮህባታል። ልጅቷ ልታለቅስ ነው። አንተ ግን ዘና ብለህ ‹አይዞሽ፣ ምንም አይደል፣ እንደገና እናስነሳው› ትላታለህ። ታክሲው ቆሞ ስለነበር ድምፅህ ይሰማኛል። እኔ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለህ አላውቅም ነበር። እኔ ጨው ሳበዛ ምን እንደምትለኝ ታውቃለህ። ሳራ የሄደች ቀን ይቺ ወንበር ላይ ሳለቅስ ‹ትኬቷን ይዛለች?› ነው ያልከኝ።»

እውነቷን ነው። ትኬቷን ነው የጠየቅኩት።

«ሦስት ጊዜ መንዳት አስተምረኝ ብዬሃለሁ» አለች። «አንዴ ሳራ ትደግ አልክ። አንዴ መንገዱ ተጨናንቋል አልክ። ሦስተኛውን ሰምተኸኛል ብዬ አላስብም፣ ዜና እያየህ ነበር። ከዚያ ተውኩት። ይሄንን ነው የነገርኳት። እስክጨርስ ቆማ ሰማችኝ፤ በቃ።»

በኛ አገር ሰው መስማት ሳይፈልግ ሲቀር «የዝሆን ጆሮ ይስጠኝ» ይላል። ይህን አባባል ያወጣው ሰው ዝሆን አላየም፤ እኔን ነው ያየው። ለምን በዚያ ጊዜ ጮክ ብለሽ አልነገርሽኝም ልላት ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። እስክትጨርስ ተቀመጥኩ። ብዙ ነበር፤ እኔ የማላውቃት አንዲት የሺ ስንት ዓመት አብራኝ ኖራለች። እዚህ ላይ የማልጽፈውም አለ፤ ለራሳችን ነው።

በማግስቱ እሑድ ነው፤ ማሠልጠኛው ሥራ የለውም። ባለቤቱን አስፈቅጄ የማስተማሪያውን መኪና ወሰድኩና ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ጠበቅኳት። ላፍቶ ዳር ላይ እስካሁን ቤት ያልተሠራበት አንድ ገላጣ ሜዳ አለ፤ ተማሪ የሚጀምረው እዚያ ነው። ነጠላዋን አጣጥፋ የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠች፣ መሪውን በሁለት እጇ ጨበጠች። እኔ ከጎኗ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያ ቀን ተማሪ የሆንኩት እኔ ነኝ የሚመስለው።

ሞተሩ ጠፋባት። አስነሳች፤ ጠፋባት። መኪናው እንደ ፈረስ ዘለለና ቆመ። በየመሐሉ አፌ ሊከፈት ሲል እዘጋዋለሁ። በአምስተኛው ይሁን በስድስተኛው «አይዞሽ» አልኩ። ለተማሪ «አይዞሽ» ሺ ጊዜ ብያለሁ፣ እንዲህ ከብዶኝ አያውቅም። የሺ አላየችኝም፤ ግን ትከሻዋ ላላ ሲል አየሁ።

በዚህ መሐል ከጎናችን አንዲት መኪና መጥታ ቆመች። ባለፈው ዓመት ያስተማርኳት ልጅ ናት፤ አሁን የራሷን መኪና ትነዳለች። መስኮቷን አውርዳ፣ ሽቶዋ እኛ መኪና ድረስ እየመጣ፣

«ቲቸር፣ በእሑድም ትሠራለህ?» አለችኝ። ወደ የሺ አየት አድርጋ ፈገግ አለች። «አዲስ ተማሪ ናቸው?»

የሺ መስኮቱን እስከ ታች ድረስ አወረደችው።

«አዲስ እንኳን አይደለሁም፣ ልጄ» አለቻት በርጋታ። «ከእሱ ጋር ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው።»

ከዚያ ፍሪሲዮኑን ረግጣ አንደኛ ማርሽ አስገባችና፣ ሞተሩ ሳይጠፋባት፣ ይዛኝ ሄደች።